ኮርኒያ ላይ የሚበቅሉ የደም ሥሮችና የሌዘር ሕክምና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐኪሙ ዓይንዎን በመሣሪያ አይቶ «ኮርኒያው ላይ የደም ሥር ገብቷል» ካለዎት ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ጥያቄዎቹ ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ ውስጥ አንድ ነገር ሲደጋገም ያያሉ፤ ሆን ተብሎ ነው። ሌዘር የደም ሥሩን ይዘጋል። የደም ሥሩን የጠራውን ምክንያት ግን አያጠፋም። ምክንያቱ ሳይታወቅና ሳይታከም ወደ ሌዘር መሮጥ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ከማባከን አያልፍም።

ኮርኒያ የቱ ነው? የደም ሥርስ ለምን የለውም?

ኮርኒያ ከዓይናችን ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ነው። የዓይናችን ጥቁር ክፍል የሚታየው በእሱ ውስጥ አልፎ ነው። «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባልም ከሞት በኋላ የሚለገሰው ይኸው ክፍል ነው። ስፋቱ ከ11 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ውፍረቱ መሃሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው።

ብርሃን ወደ ዓይን የሚገባው በኮርኒያ በኩል ነው። ስለዚህ ጥርት ብሎ መቆየት አለበት። ደም ቢዘዋወርበት ብርሃኑ ይበተናል፤ እይታ ይደበዝዛል። ታዲያ ያለ ደም እንዴት ይኖራል? ኦክስጅኑን በአብዛኛው በእንባ በኩል ከአየር ያገኛል። ምግቡን ደግሞ ከበስተጀርባው ካለው የዓይን ውሃ ይወስዳል።

የደም ሥር የማይገባበት ደግሞ ዝም ብሎ አይደለም። ነጩና ጥቁሩ ክፍል የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ብዙ የደም ሥሮች አሉ፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ቅርብ ናቸው። የሚያግዳቸው ኮርኒያው ራሱ ነው። የደም ሥር እንዲበቅል የሚያዘውን ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ይዞ የሚያስቀር ሌላ ፕሮቲን ያመርታል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት በደንብ ታይቷል። ጠርዙ ላይ የሚኖሩት ግንድ ሕዋሶችም (አዳዲስ ሕዋሶችን የሚያፈሩት) እንደ አጥር ሆነው ያገለግላሉ።

እንዲህ ተጠብቆ እያለ ለምን ይበቅላል?

ኮርኒያው ሲጎዳ፣ ሲቆጣ ወይም አየር ሲያጥረው የመከላከያው ሚዛን ይፈርሳል። «እርዳታ ላኩልኝ» የሚል መልእክት ይወጣል፤ ከጠርዙ ያሉት የደም ሥሮችም ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። የደም ሥሩ መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ለማዳን ነው። ቁስል ሊያሽር፣ ተሕዋስያንን የሚዋጉ ሕዋሶችን ሊያደርስ ይመጣል። ችግሩ ሥራውን ጨርሶ አለመሄዱ ነው።

መነሻ ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። በእኛ አገር ትልቁን ቦታ ከሚይዙት አንዱ ትራኮማ ነው። ኢትዮጵያ በዓለም ላይ ትራኮማ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች መካከል ናት። በትራኮማ የደም ሥሩ ብዙ ጊዜ ከላይኛው ጠርዝ ወደ ታች ይወርዳል። በሽታው ሲቆይ የላይኛው ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ የዓይን ጸጉርም ኮርኒያውን ቀንና ሌሊት ይፍቃል። እንዲህ ያለ ሰው ቆቡን ሳያስተካክል ሌዘር ቢሠራለት ጸጉሩ መፋቁን አያቆምም፤ የደም ሥሩም ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ የቆብ ቀዶ ሕክምና ነው የሚያስፈልገው።

ሌላው የሄርፒስ ቫይረስ ነው። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው ቫይረስ ዓይንም ውስጥ ይገባል፤ እየተመላለሰ ያቆስላል። በባክቴሪያ ወይም በፈንገስ የሚመጣ የኮርኒያ ቁስልም አለ። ገበሬ እህል ሲወቃ ወይም እንጨት ሲፈልጥ ዓይኑን ተወግቶ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው። የኖራ፣ የበረኪና፣ የባትሪ አሲድ ቃጠሎ የጠርዙን ግንድ ሕዋሶች ስለሚገድል አጥሩን ራሱን ያፈርሳል። ልጆች ላይ ደግሞ ዓይናቸውን እያሳከከ ለዓመታት የሚመላለስ ከባድ አለርጂ አለ። አንዳንድ ሰው በመድኃኒት ምክንያት መላ ሰውነቱ ቆዳው ተልጦ ሲድን ዓይኑ ላይ ጠባሳ ይቀራል። ከኮርኒያ ንቅለ ተከላ በኋላም ሊከሰት ይችላል። ኮንታክት ሌንስ አብዝቶ መጠቀምም አንዱ ምክንያት ነው።

እንዴት አውቃለሁ? ምልክቱ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ላይ ምንም ላይሰማዎት ይችላል። የደም ሥሩ ራሱ አያምም። የሚያመው ከበስተጀርባው ያለው ቁስል ወይም ቁጣ ነው። አንዳንዱ ሰው በመስታወት ሲያይ ከነጩ ክፍል ወደ ጥቁሩ የተሳበ ቀይ ክር ያስተውላል።

እይታ የሚቀንሰው የደም ሥሩ ወደ መሃል ሲጠጋ ነው። ከዚያም በላይ የደም ሥሩ ያፈስሳል። አዲስ የበቀለ የደም ሥር ግድግዳው የላላ ስለሆነ ውሃና ቅባት ያስወጣል። ውሃው ኮርኒያውን ያሳብጣል። ቅባቱ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ጠቃጠቆ ሆኖ ይቀመጣል። ይህ ቅባት አንዴ መሃል ላይ ከተቀመጠ ማጥፋት ከባድ ነው። ቶሎ ይታዩ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ዓይን ላይ የሚበቅለው ሥጋ ከዚህ ጋር አንድ ነው?

አይደለም። በአፍንጫ በኩል ካለው ነጭ ክፍል ተነስቶ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ወደ ጥቁሩ የሚሳበው ሥጋ ሌላ በሽታ ነው። ከፀሐይና ከአቧራ ጋር ይያያዛል። በውስጡ የደም ሥር አለው፤ ሕክምናው ግን ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሌዘር አይደለም።

ኮርኒያው ላይ የደም ሥር ያለበት ሁሉ ሌዘር ያስፈልገዋል?

አያስፈልገውም። እንዲያውም አብዛኛው ሰው አያስፈልገውም። ጠርዙ ላይ ጥቂት የተሳበ፣ የማይንቀሳቀስ፣ ደም የማይዘዋወርበት ሥር ካለ ዝም ብሎ መከታተል ይበቃል። መንስኤው ሲታከም ደሙ ይቆምና ባዶ ቱቦው ብቻ እንደ ቀጭን መስመር ይቀራል። እሱ ጉዳት የለውም።

አዲስ የበቀለ ከሆነ ደግሞ በጠብታ የመመለስ ዕድሉ ጥሩ ነው። ሌዘር የሚታሰበው በጠብታ ያልተመለሰ፣ ደም የሚዘዋወርበት፣ ወደ መሃል የሚገፋ ወይም ቅባት የሚያፈስ ሥር ሲኖር ነው። ንቅለ ተከላ ከመሠራቱ በፊት ቦታውን ለማዘጋጀትም ይሠራል።

የኔ ምክር አንድ ነው። ሐኪምዎ «ሌዘር እንሥራ» ካለ «የደም ሥሩ ለምን መጣ? መንስኤው አሁን ቆሟል?» ብለው ይጠይቁ። ደህና ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይከፋም። መልሱ «አልቆመም» ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይታከም።

ሌዘሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

በደም ውስጥ ያለው ቀዩ ሄሞግሎቢን አረንጓዴና ቢጫ ብርሃንን አጥብቆ ይውጣል። ጥርት ያለው ኮርኒያ ግን ያሳልፈዋል። ሐኪሙ ጠባብ የብርሃን ጨረር በደም ሥሩ ላይ ሲያነጣጥር ደሙ ይሞቃል፣ ይረጋል፣ ቱቦውም ይዘጋል። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያገለገለው አርጎን ሌዘር ነው። ዛሬ 532 ናኖ ሜትር የሆነው አረንጓዴ እና 577 ናኖ ሜትር የሆነው ቢጫ ሌዘርም ይሠራበታል። ቢጫው በሄሞግሎቢን በደንብ ስለሚዋጥ በአነስተኛ ኃይል መሥራት ያስችላል።

ትልቁ ጥበብ የቱን ሥር መምታት እንዳለበት ማወቅ ነው። አንድ የመስኖ ቦይ ወደ ብዙ ትልሞች ሲከፋፈል ትልሞቹን አንድ በአንድ ከመድፈን ቦዩን ከምንጩ ላይ መዝጋት ይሻላል። እዚህም እንዲሁ ነው። ደም የሚያመጣው ሥር ቀጭን ነው፤ ደሙም በፍጥነት ይሮጥበታል። ደም የሚመልሰው ሥር ወፈር ይላል፣ ዝግ ይላል፣ ለዓይንም ጎልቶ ይታያል። ልምድ የሌለው ሰው የሚታየውን ወፍራሙን ይመታል። ያ ደግሞ መውጫውን መዝጋት ስለሆነ ግፊት ይጨምራል፤ ደም ሊያፈስስም ይችላል። የቱ መግቢያ የቱ መውጫ እንደሆነ ለመለየት አንዳንድ ማዕከላት በክንድ ደም ሥር ቀለም ሰጥተው ፎቶ ያነሳሉ። ይህ ምርመራ ካለ ጥሩ ነው። ከሌለም ስሊት ላምፕ በሚባለው የዓይን መመርመሪያ መሣሪያ በደንብ አጉልቶ ጊዜ ወስዶ ማየት ብዙ ይረዳል።

መነጽር ለማስወለቅ ከሚሠራው ሌዘር ጋር ምን አገናኘው?

ምንም። ያኛው ኤክሳይመር የሚባል ሌዘር ነው፤ የኮርኒያውን ቅርጽ ያስተካክላል። ይህ የደም ሥር ይዘጋል፤ የመነጽር ቁጥር አይቀይርም። ለስኳር ሕመምተኞች ሬቲና (ከዓይን በስተጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) ላይ የሚሠራው ሌዘር ግን ለዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። ብዙ ጊዜ መሣሪያው ራሱ አንድ ነው፤ የሚነጣጠርበት ቦታ ይለያል።

በዕለቱ ምን ይደረግልኛል? ያማል?

መተኛት የለም፤ ተመላላሽ ሆነው ነው የሚታከሙት። የማደንዘዣ ጠብታ ይደረግልዎታል። አገጭዎን በዚያው ሲመረመሩበት በነበረው መሣሪያ ላይ ያስቀምጣሉ። አንዳንድ ሐኪም ዓይን እንዳይንቀሳቀስ ልዩ ሌንስ ያስደግፋል። ከዚያ ብልጭታ ያያሉ። እያንዳንዱ ብልጭታ ከሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ አይበልጥም።

አብዛኛው ሰው ትንሽ ጠቅ የሚያደርግ ወይም የሚያሞቅ ስሜት ብቻ ነው የሚሰማው። ሥሩ ወደ ነጩ ክፍል በተጠጋ ቁጥር ስሜቱ ይጨምራል። ለዚያ ተጨማሪ ማደንዘዣ መጠየቅ ይችላሉ፤ ዝም ብለው አይቻሉት። ዓይንዎን ድንገት ካንቀሳቀሱ ጨረሩ ያልታሰበ ቦታ ያርፋል። ማሳል ወይም ማስነጠስ ከመጣብዎ «ቆይ» ይበሉ፤ ሐኪሙ ያቆማል።

ሲወጡ ዓይንዎ ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ ብርሃን ይከብደዋል። መኪና ይዘው አይሂዱ። ሰው ቢያጅብዎ ጥሩ ነው። ትናንሽ ልጆች ጸጥ ብለው መቀመጥ ስለማይችሉ ለእነሱ ሙሉ ማደንዘዣ ያስፈልግ ይሆናል፤ በዚህ ምክንያት ሐኪሞች ለልጆች መጀመሪያ ሌላ መንገድ ይሞክራሉ።

በአንድ ጊዜ ያልቃል?

ብዙ ጊዜ አያልቅም፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል። በዕለቱ የተዘጋው ሥር ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊከፈት ይችላል። ደሙ በጎን በኩል ሌላ መንገድ ሊያበጅም ይችላል። ምክንያቱ ደግሞ ሌዘሩ ራሱ ነው፤ ሙቀቱ ትንሽ ቁጣ ያስነሳል፣ ቁጣው ደግሞ የደም ሥር የሚያበቅለውን መልእክት ይጨምራል። ለዚህ ነው ሌዘሩን ተከትሎ ቁጣ የሚያበርድ የስቴሮይድ ጠብታ ለሳምንታት የሚታዘዘው። በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ተደጋግሞ መሥራትም የተለመደ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሒሳብ ብቻ ሳይሆን የሙሉው ሕክምና ወጪ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ሰው የመመላለሻውን ገንዘብና የማረፊያውን ነገር አስቀድሞ ቢያስብበት መሃል ላይ ከማቋረጥ ይተርፋል። መሃል ላይ የተቋረጠ ሕክምና ካልተጀመረው ብዙም አይሻልም።

ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል?

በሠለጠነ እጅ ሲሠራ ከባድ ጉዳት ብዙ አይታይም። ግን አለ፤ ተፈርሞ የሚገባበት ነገር ስለሆነ ማወቅ መብትዎ ነው። ሥሩ ሊደማና ደሙ ኮርኒያው ውስጥ ሊቀር ይችላል። ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ሊሳሳ ይችላል። ኮርኒያው ላይ የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ክምችቶች ሊታዩ ይችላሉ። ጨረሩ ኮርኒያውን አልፎ አይሪሱን (የዓይንን ባለ ቀለም ክፍል) ከነካ ብሩህ ሲሆን የሚጠብበው ሲጨልም የሚሰፋው ቀዳዳ ቅርጹ ሊዛባ ይችላል። ዓይን ውስጥ ባለው ተፈጥሯዊ ሌንስ ላይ ካረፈም የዓይን ሞራ ሊያስከትል ይችላል።

ኮርኒያቸው አስቀድሞ በጣም የሳሳ ሰዎች፣ እና አሁን የሚመግል ቁስል ያለባቸው መሠራት የለባቸውም።

እይታዬ ይመለሳል?

የእይታው መቀነስ ከእብጠትና በመፍሰስ ላይ ካለ ፈሳሽ ከሆነ፣ ሥሩ ሲዘጋ ሊሻሻል ይችላል። ጠባሳ ከሆነ ግን ሌዘር ጠባሳ አያጠፋም። ነጭ ጠባሳ መሃል ላይ ያለበት ሰው ሌዘር ተሠርቶለት በማግሥቱ ጥርት ብሎ አያይም። ይህን ሳይነግሩ ማከም ሰውን ማታለል ነው ብዬ አምናለሁ። ሌዘር ለእንዲህ ያለ ሰው የሚጠቅመው ጉዳቱ እንዳይብስ ለመግታት፣ ወይም ለንቅለ ተከላ መንገድ ለመጥረግ ነው።

ንቅለ ተከላ ሊሠራልኝ ነው። የደም ሥሩ ለምን አሳሳቢ ሆነ?

ይህ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። ለብዙ ሕመምተኛ የነገሩ ዋና ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው።

የመጀመሪያው የተሳካ የኮርኒያ ንቅለ ተከላ በሰው ላይ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ሐኪሙ ኤድዋርድ ዚርም ይባላል፤ ቦታው ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ያለችው ኦሎሙትስ ናት። የሰውነትን መከላከያ የሚያፍኑ መድኃኒቶች ገና ባልነበሩበት ዘመን ነበር። ኩላሊት በተሳካ ሁኔታ የተተከለው ከዚያ ወደ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። ኮርኒያ ለምን ቀደመ? አንዱ ምክንያት የደም ሥር የሌለው መሆኑ ነው። የሰውነት ወታደሮች በደም ነው የሚጓዙት። መንገድ ከሌለ ባዕድ አካል መግባቱን ቶሎ አያውቁም።

የደም ሥር ሲገባ ይህ ጥቅም ይጠፋል። ወታደሮቹ መንገድ ያገኛሉ፤ የተተከለውን ኮርኒያ ያጠቃሉ። ከደም ሥሩ ጋር ደግሞ በዓይን የማይታዩ የሊምፍ ሥሮች አብረው ይገባሉ። እነሱ «ባዕድ መጥቷል» የሚለውን ወሬ ያደርሳሉ። የደም ሥር በሌለበት ኮርኒያ ላይ የተሠራ ንቅለ ተከላ በመጀመሪያው ዓመት ከ10 ዘጠኝ ያህሉ ጥርት ብሎ ይቆያል። ኮርኒያው በአራት ሩብ ቢከፈል ቢያንስ በሁለቱ ጥልቅ የደም ሥር የገባበት ሰው ከፍተኛ ሥጋት ያለበት ይባላል፤ ለእሱ ይህ ዕድል በጣም ይወርዳል።

የተለገሰ ብሌን እንደልብ አይገኝም። አንድ ቤተሰብ በኀዘን መሃል ፈቅዶ የሰጠው ስጦታ ነው። ወረፋ የሚጠብቀውም ብዙ ሰው ነው። ቦታውን ሳያዘጋጁ ተክሎ ማጣት ለሕመምተኛውም ለለጋሹም ቤተሰብ ያሳዝናል። ስለዚህ ሐኪምዎ «መጀመሪያ የደም ሥሩን እንቀንስ፣ ጥቂት ወራት እንጠብቅ» ካለዎት እያንከባለለዎ አይምሰልዎ።

ከሌዘር ሌላ ምን አማራጭ አለ?

የመጀመሪያው የስቴሮይድ ጠብታ ነው። ቁጣውን ያበርዳል፤ በርካሽ ይገኛል። አዲስ የደም ሥር ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ቆይቶ የጠነከረ ላይ ግን ኃይሉ ደካማ ነው።

ሁለተኛው ቪኢጂኤፍን የሚያግዱ መድኃኒቶች ናቸው። ቤቫሲዙማብ፣ በንግድ ስሙ አቫስቲን፣ በብዛት ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲፈቀድ ለአንጀት ካንሰር ነበር። የዓይን ሐኪሞች ከዚያ ወደራሳቸው ሥራ አመጡት። ነጩን ክፍል ከሸፈነው ስስ ሽፋን ሥር በመርፌ ይሰጣል፤ በጠብታም ይዘጋጃል። ይህም ቢሆን ገና በማደግ ላይ ያለውን ሥር ነው በደንብ የሚገታው። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም በቅርብ ጊዜ የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ከደረሰብዎ አስቀድመው ይናገሩ። በእኔ እምነት ብዙ ጊዜ የሚበጀው ሁለቱን ማጣመር ነው፤ ሌዘሩ ያለውን ሥር ይዘጋል፣ መድኃኒቱ አዲስ እንዳይበቅል ይይዛል።

ሦስተኛው በቀጭን መርፌ የኤሌክትሪክ ሙቀት መስጠት ነው። መርፌው ሥሩ ውስጥ ይገባና ይተኩሰዋል። ለወፋፍራምና ለጥልቅ ሥሮች ጥሩ ነው፤ ውድ ሌዘርም አይፈልግም። በኛ ዓይነት አገር ይህ ዘዴ የበለጠ ትኩረት ቢያገኝ ደስ ይለኛል።

አራተኛው በክንድ የሚሰጥ ቨርቴፖርፊን የተባለ መድኃኒት አለ። እሱ በደም ሥሩ ውስጥ ሲጠራቀም በማይተኩስ ቀይ ሌዘር ይነቃል። ኮርኒያውን አያቃጥልም፤ ግን በጣም ውድ ነው። የወሰደ ሰው ለ5 ቀን ያህል ከፀሐይ መራቅ አለበት።

ዓይኔን ሄርፒስ ይዞኝ ያውቃል። ሌዘር መሠራት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ግን አስቀድመው ይናገሩ። ቫይረሱ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። ሌዘሩም ስቴሮይዱም ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ብዙ ሐኪም ከሕክምናው በፊትና በኋላ ቫይረሱን የሚገታ አሲክሎቪር የተባለ እንክብል ያዝዛል።

የስቴሮይድ ጠብታውን ራሴ ከፋርማሲ እየገዛሁ ብቀጥልስ?

እባክዎ አያድርጉት። ዴክሳሜታዞን ጠብታ ያለ ማዘዣ ገዝቶ ለወራት መጠቀም በየሰፈሩ የተለመደ ሆኗል። መጀመሪያ ላይ ቅላቱ ይጠፋል፤ ሰው የዳነ ይመስለዋል። በውስጥ ግን የዓይን ግፊት ሳያምም ይጨምራል። ግፊቱ የእይታ ነርቭን ሲገድል ግላኮማ ይባላል፤ የጠፋው እይታ አይመለስም። የዓይን ሞራም ያፋጥናል። የፈንገስ ወይም የሄርፒስ ቁስል ካለ ደግሞ ጠብታው ቁስሉን ያቀጣጥለዋል። በተለይ በአለርጂ የሚሰቃዩ ልጆች ወላጆች ይህን ያስቡበት። ልጁ ስላላለቀሰ ደህና ነው ማለት አይደለም። ስቴሮይድ ለሳምንታት የሚወስድ ሰው ሁሉ ግፊቱ መለካት አለበት።

ጠበል እጠመቃለሁ። ኩልም እቀባለሁ። ችግር አለው?

እምነትና ሕክምና አይጣሉም። ጠብታዎን ሳያቋርጡ ጠበሉን መከታተል ይችላሉ። ነገር ግን ሌዘር ከተሠሩ በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ውሃው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ያድርጉ። ለአጥማቂው አባት «ዓይኔን ታክሜያለሁ» ብለው ቢናገሩ ይረዱዎታል። ቁስል ባለበት ዓይን ውስጥ ያልተጣራ ውሃ ሲገባ ተሕዋስያን ይዞ ይገባል። ሻወር ላይም ጥንቃቄው ይኸው ነው።

ኩል ለጊዜው ይቅር። የቅጠል ጭማቂና የእናት ጡት ወተት ዓይን ውስጥ መጨመር ግን ከናካቴው ይቅር። በረመዳን ጠብታ ለማቋረጥ የሚያስቡ ካሉ ብዙ የእስልምና ሊቃውንት የዓይን ጠብታ ጾም አያስፈታም ይላሉ፤ ኢማምዎን ይጠይቁ።

በረኪና ወይም ኖራ ዓይን ውስጥ ቢገባ ምን ላድርግ?

ወዲያው ይታጠቡ። ሐኪም ቤት ከመሄድ በፊት፣ ስልክ ከመደወል በፊት፣ ባሉበት ቦታ ንጹህ ውሃ እየፈሰሰበት ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ቢቻል ለግማሽ ሰዓት። ቆቡን በጣት ከፍተው ይያዙ። የኖራ ፍርፋሪ ካለ በንጹህ ጨርቅ ጥግ ያውጡት። ሎሚም ሆነ ሌላ «ማርከሻ» አይጨምሩ። ከዚያ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂዱ።

ይህን እዚህ የጻፍኩት ሌዘር እስከማስፈለግ ከሚያደርሱ ጉዳቶች ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሚወሰኑ ነው። በአረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶቻችን ቀኑን ሙሉ ከበረኪናና ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ነው የሚውሉት። ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ ጋዙ ራሱ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። ጠርሙሱን ስትከፍቱ ፊታችሁን ዘወር አድርጉ። አሠሪ «ትንሽ ነው፣ ይለቃል» ብትልም መጀመሪያ መታጠብ፣ ቀጥሎ ሐኪም ይታይ ማለት መብታችሁ ነው።

ኮንታክት ሌንስ መተው አለብኝ?

የደም ሥር ከታየ አዎ፣ ሐኪም እስኪያይዎ ድረስ ያውልቁ። ሌንስ አየር ይከለክላል፤ በተለይ አድረውበት ከሆነ። ደስ የሚለው ነገር በዚህ ምክንያት የመጣ ሥር ብዙ ጊዜ ሌንሱ ሲተው በራሱ ይከስማል። ለሠርግና ለፎቶ ተብሎ የሚገዛ ባለ ቀለም ሌንስም ሌንስ ነው። ከጓደኛ ጋር መዋዋስ ደግሞ ኢንፌክሽን መዋዋስ ነው።

መቼ ነው ቀጠሮ ሳልጠብቅ መሄድ ያለብኝ?

ከሌዘሩ በኋላ ሕመሙ እየቀነሰ ሳይሆን እየጨመረ ከሄደ፣ እይታዎ በድንገት ከደከመ፣ መግል ካዩ፣ ወይም ኮርኒያው ላይ ነጭ ነጥብ ካስተዋሉ በዚያው ቀን ይሂዱ። ንቅለ ተከላ ያለዎት ሰው ከሆኑ ቅላት፣ ብርሃን መፍራት ወይም እይታ መደብዘዝ አንዱ ብቻ በቂ ምክንያት ነው። ሰውነት የተተከለውን ኮርኒያ የመቃወሙ ምልክት በቶሎ ከተያዘ በጠብታ ሊመለስ ይችላል።

አሜሪካ ያለ ወንድሜ አቫስቲን ልላክልህ ይላል። ይምጣልኝ?

አሳቡ መልካም ነው፤ መድኃኒቱ ግን በሻንጣ የሚመጣ አይደለም። ቤቫሲዙማብ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። መቀዝቀዣው አንዴ ከተቋረጠ ፈሳሹ በዓይን ሲታይ ያው ነው፤ ኃይሉ ግን ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። በረዶ ሆኖ ከቀዘቀዘም አይሆንም። ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ትናንሽ መርፌዎች የሚከፋፈለውም ከተሕዋስያን በጸዳ ክፍል ነው። ወንድምዎ መርዳት ከፈለገ የሕክምናውንና የመመላለሻውን ወጪ ቢሸፍን ይሻላል። የምርመራ ወረቀትዎንና የዓይንዎን ፎቶ ልከውለት እዚያ ያለ የኮርኒያ ስፔሻሊስት እንዲያይልዎት ቢያደርግም ጥሩ ነው። መድኃኒቱን ግን ሐኪምዎ ከሚያውቀው ቦታ ያስገኝ።